ጨለማው የማን ነው?

መጀመሪያ ያየሁት በስልክ ነው። ሌሊት፣ ቤተሰብ ከተኛ በኋላ፣ በጆሮ ማዳመጫ። አንድ ሰው አልጋ ላይ ተጋድሟል። ፊቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። እጅ የለውም፣ እግር የለውም። የቀረችው እንቅስቃሴ አንዲት ናት፤ ጭንቅላቱን ከትራሱ ያነሳል፣ ይጥላል፤ ያነሳል፣ ይጥላል። በመሃል በመሃል ፀጉራቸውን ያስረዘሙ አራት ወጣቶች ባዶ መጋዘን ውስጥ ጊታርና ድራም ይጫወታሉ።

በማግስቱ ለታላቅ እህቴ አሳየኋት። ግማሽ ደቂቃ እንኳን አልታገሠችም። «ይሄ የሰይጣን ዘፈን ነው፣ አጥፋው» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። እውነት ለመናገር ያኔ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። እንደሚያስፈራ እኔም አይቻለሁ፤ ለምን ዓይኔን መንቀል እንዳቃተኝ ግን አላወቅኩም። ይህ ጽሑፍ ለእህቴ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ክሊፑ የሜታሊካ «ዋን» ነው። እኛ ሀገር ስለ ሜታል ክሊፕ ወሬ ከተነሳ ክርክሩ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። አንዱ ወገን «ሰይጣን ነው፣ ኢሉሚናቲ ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ሾው ነው፣ አታካብዱ» ይላል። ሁለቱም የሚቆጥሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ስንት ቀንድ አለ፣ ስንት የራስ ቅል፣ ምን ያህል ደም። የጨለማውን መጠን ነው የሚለኩት። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ የተሻለ ያሳያል ባይ ነኝ፦ ጨለማው የማን ነው? ውስጡ የተቀመጠው ማን ነው? ያጨለመውስ?

ሁለት ውርስ

ሄቪ ሜታል ጨለማን ከየት አመጣው? ብዙዎች ታሪኩን የሚጀምሩት ከእንግሊዟ በርሚንግሃም፣ ከብላክ ሳባዝ ነው። (የእኛ ነው ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ባንዱ ስሙን የወሰደው በ1963 ከወጣ አስፈሪ ፊልም ነው። ሰው ለመፍራት ገንዘብ ከፍሎ ሲኒማ ቤት የሚገባ ከሆነ፣ የሚያስፈራ ሙዚቃስ ለምን አንሠራም የሚል ሐሳብ ነበራቸው። በሌላ በኩል የባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ገና በ17 ዓመቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆርጦበታል። ራሱ የሠራውን መሸፈኛ ጣቶቹ ላይ አጥልቆ፣ ክሮቹን አላልቶ መጫወቱን ቀጠለ። ዛሬ «ሜታል» የምንለው ከባድ ድምፅ በከፊል የወጣው ከዚያ ቁስል ነው።

እንግዲህ ሁለት ውርስ አለ። አንዱ ከሲኒማ ቤት የተበደረ ፍርሃት፣ ሌላው ከፋብሪካ የመጣ ቁስል። ክሊፖቹንም በዚሁ መለየት ይቻላል።

የተበደረውን ፍርሃት ማየት የሚፈልግ የአይረን ሜይደንን «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት» ይክፈት። የ1982 ሥራ ነው። ባሲስቱ ስቲቭ ሃሪስ ዘፈኑን የጻፈው አስፈሪ ፊልም አይቶ ካደረበት ቅዠት ተነስቶ ነው። ክሊፑም ይሄንን አይደብቅም፤ ባንዱ እየተጫወተ በመሃል ከአሮጌ አስፈሪ ፊልሞች የተቆራረጡ ምስሎች ይገባሉ። አሜሪካ ውስጥ የባንዱን ሸክላ ሰብስበው ያቃጠሉና የሰባበሩ ሃይማኖተኞች ነበሩ። አሁን ቁጭ ብሎ ላየው ግን ልጆች ማታ ማታ ነጠላ ተከናንበው «አያ ጅቦ መጣ!» እያሉ እንደሚጫወቱት ነው። የሚጮኸውም የሚሮጠውም እየሳቀ ነው። እዚህ ጨለማው የማንም አይደለም፤ ጭንብል ነው፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ይወልቃል። ይሄ ስድብ አይደለም። ጭንብልም ደስ ይላል።

«ዋን» ግን የሚወልቅ ነገር የለውም።

አልጋው ላይ ያለው ሰው

ሜታሊካ እስከዚያ ድረስ ክሊፕ የማይሠራ ባንድ ነበር። በ1983፣ በ1984 እና በ1986 ሦስት አልበም አውጥቶ አንድም ክሊፕ አልነበረውም። አራተኛው አልበም በ1988 ወጣ፤ «ዋን»ም በ1989 መጀመሪያ ኤም ቲቪ ላይ ታየ። የባንዱ የመጀመሪያ ክሊፕ ማለት ነው። ዳይሬክተሮቹ ቢል ፖፕ እና ማይክል ሳሎመን ናቸው። ቢል ፖፕን በሌላ ሥራው ታውቁታላችሁ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ «ዘ ማትሪክስ»ን በካሜራ የቀረጸው እሱ ነው።

አልጋው ላይ ያለው ሰው ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ዳልተን ትራምቦ በ1939 «ጆኒ ጎት ሂዝ ገን» የተባለ ልብወለድ አሳተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጆ ቦንሃም ይባላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ተራ ወጣት ነው። መድፍ እጁን፣ እግሩን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ አፉን ወሰደበት። አእምሮውን አልወሰደበትም። ትራምቦ ራሱ በ1971 ታሪኩን ፊልም አድርጎ ሠራው፤ በሕይወቱ ዳይሬክት ያደረገው ፊልም እሱ ብቻ ነው። የሜታሊካ ክሊፕ የሚጠቀመው የዚህን ፊልም ምስልና ንግግር ነው።

ስለ ትራምቦ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በ1947 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ኮሙኒስት መሆን አለመሆኑን ሲጠይቀው አልመልስም ካሉት አሥር የሆሊውድ ሰዎች አንዱ ነው። በ1950 ታሰረ፤ ስሙም ጥቁር መዝገብ ውስጥ ስለገባ ለዓመታት በሰው ስም ሲጽፍ ኖረ። ልብወለዱን ሲጽፍ ድምፅ መነጠቅ ምን እንደሆነ በምናቡ ነው የሚያውቀው። ፊልሙን ሲሠራ ግን ከራሱ ሕይወት ያውቀዋል።

ፊልሙ አንድ ቀላል ብልሃት አለው። ሆስፒታሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የጆ ትዝታና ሕልም ባለ ቀለም ነው። በተለመደው አስፈሪ ፊልም ጨለማው ከውጭ ይመጣል፤ ከበር ጀርባ፣ ከአልጋ ሥር። እኛ ብርሃን ውስጥ ቆመን እንፈራዋለን። እዚህ ግን ተገልብጧል። ቀለሙና ፀሐዩ ያለው ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጥቁሩና ነጩ የእኛ፣ የጤነኞቹ፣ የቆምነው ሰዎች ዓለም ነው።

ሁለቱን አስተያዩ

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የዚህ ክሊፕ ሁለት ዓይነት ቅጂ አለ፤ አንዱ የፊልሙ ምስል ያለበት፣ ሌላው ባንዱ ሲጫወት ብቻ የሚያሳይ። ሁለቱንም አከታትላችሁ እዩ። እኔ ብዙ የተማርኩት ከዚያ ነው።

ፊልም የሌለበት ቅጂ ጥሩ ነው። አራት ጎበዝ ሙዚቀኞች፣ ፈጣን ጣቶች፣ የሚወዛወዝ ፀጉር። ግን በቃ ይሄው ነው። መጋዘኑ መጋዘን ነው።

ፊልሙ ሲገባ ያው መጋዘን ሌላ ነገር ይሆናል። ተመልካች አለመኖሩን ያኔ ነው የምታስተውሉት። መድረክ የለም፣ እሳት የለም፣ የሚያጨበጭብ ሕዝብ የለም። ድምፁ ግድግዳ መትቶ የሚመለስ ይመስላል። አንድ ሰው በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ሲጮህ ምን ዓይነት ክፍል ውስጥ እንደሚጮህ ብትጠይቁኝ ይሄንን ክፍል አሳያችኋለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ ከአራቱ አንዳቸውም ጆን ሆኖ አይተውንም። ማንም ፋሻ አልጠቀለለም፣ ማንም አልጋ ላይ አልተኛም። በሌላ ሰው ስቃይ አልተዋቡም። ባንዱ ባንድ ሆኖ ይቀራል፣ ቁስለኛው ቁስለኛ ሆኖ ይቀራል፤ የሚያገናኛቸው የተቆራረጠው ምስልና ድምፁ ብቻ ነው።

ታሪክን በክሊፕ መንገር ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ከተናገርክ ሙዚቃው ማጀቢያ ይሆናል። ምንም ካልተናገርክ ደግሞ ምስሉ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በ1993 የወጣው የቱል «ሶበር» ሁለተኛውን አደጋ እያወቀ የመረጠ ሥራ ነው። በፍሬም በፍሬም የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት በፈራረሰ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ሳጥን ያገኛል፣ ይከፍታል፣ ያየው ነገር ያንቀጠቅጠዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ግን ለእኛ አያሳየንም። ጎበዝ ሥራ ነው። ቢሆንም ስጨርሰው የምጠይቀው «ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?» ብዬ ነው። ከ«ዋን» በኋላ የምጠይቀው «ይሄ ሰው አሁንም እዚያ ነው?» ብዬ ነው።

«ዋን» ደግሞ በመጀመሪያው አደጋ ይነካካል። የፊልሙ ንግግር አንዳንዴ በዝቶ ሙዚቃውን ይሸፍነዋል። በተለይ መጨረሻው አካባቢ ጆ የሚያደርገውን በዓይናችን እያየን ባለበት ሰዓት፣ ወታደሮቹ ምን እያደረገ እንደሆነ ያብራሩልናል። እኔ ብሆን እዚያ ጋ ድምፁን እቀንሰው ነበር። ጊታሩ ተናግሮ የጨረሰውን ነገር መድገም ነው።

የመትረየሱ ጣጣ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ዘፈኑ ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ለስላሳ ሆኖ ይጀምራል፤ አንድ ጊታር፣ የሚንሾካሾክ የሚመስል። ቀስ በቀስ ይከብዳል። ከግማሹ በኋላ ድራሙና ጊታሮቹ አንድ ላይ ሆነው አጭር አጭር፣ ደረቅ፣ ፈጣን ምት ይመታሉ። ማንም የማይስተው የመትረየስ ድምፅ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ደም የሚያሞቀው ቦታም ይሄ ነው።

ችግሩ አይታያችሁም? ጦርነት ሰው እንዴት እንደሚያጠፋ የሚናገር ዘፈን፣ በጣም የሚያስደስተው የመሣሪያ ድምፅ ሲሆን ነው። እዚያ ጋ ስደርስ ሰውነቴ ይፈነድቃል፤ የጆ ሰውነት በጠፋበት ድምፅ። ለረጅም ጊዜ ይሄ ነገር ከንክኖኛል። ፀረ ጦርነት ነኝ እያለ ጦርነትን የሚያጣፍጥ ሥራ ስንት አለ!

መልሱን ያገኘሁት ጭንቅላቱን ደግሜ ሳይ ነው። ጆ ጭንቅላቱን ትራስ ላይ የሚመታው ተሰቃይቶ ብቻ አይደለም። እያወራ ነው። በአጭርና ረጅም ምት ፊደል የሚሠራበትን የሞርስ ኮድ ያውቃል፤ በአንገቱ ፊደል እየቆጠረ ነው። ሐኪሞቹ አእምሮ የለውም ብለው ስለወሰኑ እንቅስቃሴውን እንደ በሽታ ያዩታል። ንግግሩን በሽታ ነው አሉት።

አሁን የሜታል አድማጭ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። አይጨፍርም፣ እስክስታ አይመታም፣ ወገቡን አይነቀንቅም። ራሱን ይነቀንቃል። በሌላ ዘፈን ይሄ ልማድ ነው። በዚህ ክሊፕ ግን ዳይሬክተሮቹ የባንዱን የሚነቀነቅ ራስና የጆን የሚነቀነቅ ራስ እያቀያየሩ ያሳዩናል። ያ ደረቅ ምት ሲመጣ የእኔም ራስ ይነቀነቃል። ያኔ ምቱ መትረየስ ብቻ አይደለም፤ ሞርስም ነው። የገደለው ድምፅና የሚለምነው ድምፅ አንድ ዓይነት ሆነዋል። እኔም ሳላውቀው በአንገቴ የእሱን ፊደል እየደገምኩ ነው።

ይሄ ደስታዬን ንጹሕ አያደርገውም። ግን ደስታዬን ዝም ብሎ አያሳልፈውም። ከጭንብሉ ክሊፕ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ነው። አይረን ሜይደን ያስፈራኛል፣ ከዚያ ይለቀኛል። ሜታሊካ አልጋው ላይ ያስተኛኛል።

የጆ ጥያቄ

በፊልሙ ውስጥ በመጨረሻ ኮዱን የሚያውቅ ወታደር ይገኝና ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁታል። የሚመልሰው መልስ ክሊፑን የተገነዘብኩበት ቁልፍ ነው። ጆ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሞት አይደለም። ወደ ውጭ አውጡኝ ነው የሚለው፤ በትርኢት መልክ በየከተማው እየዞርኩ ሕዝብ ይየኝ፣ ጦርነት ምን እንደሚሠራ ይወቅ። አይሆንም ይሉታል። ያኔ ነው እንግዲያው ግደሉኝ የሚለው። እሱንም ይከለክሉታል። ልትረዳው የሞከረችውን ነርስ አስወጥተው እዚያው ጨለማ ውስጥ ትተውት ይሄዳሉ።

ስለዚህ ጨለማው የጆ ነው፤ ያጨለሙት ግን ሌሎች ናቸው። ዩኒፎርማቸው የተተኮሰ፣ አነጋገራቸው የተረጋጋ፣ ቀንድ የሌላቸው ሰዎች። እህቴ የፈለገችው ሰይጣን ክሊፑ ውስጥ ካለ የት እንደቆመ ቢያንስ በትክክል እንጠቁም፤ አልጋው ላይ አይደለም።

ፊልሙ ከወጣ ከ18 ዓመት በኋላ ኤም ቲቪ፣ ያ የማስታወቂያና የዳንስ ገበያ፣ ጆን በየሰው ሳሎን ይዞት ገባ። የለመነው ተዘዋዋሪ ትርኢት ማለት ይሄው ነው። ሜታሊካ ስለ ጆ ዘፈን ብቻ አልሠራም፤ የከለከሉትን ፈቀደለት። ክሊፑ አስፈሪ የሆነውም ለዚህ ነው፤ የማያስፈራ ቢሆን ኖሮ ጥያቄውን አይመልስም ነበር።

የእኛ ግድግዳ፣ የእኛ ክሊፕ

ሜታሊካ በ1996 «አንቲል ኢት ስሊፕስ» ለተባለው ዘፈን በሳሙኤል ቤየር ዳይሬክተርነት ክሊፕ ሲሠራ፣ ምስሉን የወሰደው ከ500 ዓመት በፊት ከነበረው ሰዓሊ ከሂሮኒመስ ቦሽ ነው። ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆኑ ፍጥረታት፣ የሚሰቃዩ ኃጥአን። የዘፈኑ መነሻ ካንሰር ነው፤ ድምፃዊው ጄምስ ሄትፊልድ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ እናቱን የነጠቀው በሽታ። ለሐዘኑ የሚሆን ምስል ሲፈልግ ያገኘው የቤተ ክርስቲያን ሲኦል ነበር።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው በእሳት የተከበበውን ዲያብሎስ ግድግዳው ላይ አይቶታል። ሰዓሊውን «የሰይጣን ሰው» ያለው ግን የለም። ጨለማን መሳል ጨለማን ማምለክ እንዳልሆነ አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ሙሾ የሚወርድበት ሀገር ልጆችም ነን። አስለቃሿ ያማረ ያማረውን ብቻ አትናገርም፤ የቀረውን ልጅ፣ የጎደለውን ቤት ትቆጥራለች፣ ለቀስተኛውም ያመሰግናታል።

ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። በጦርነቱ ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ2013 እስከ 2015፣ በየቴሌቪዥኑና በየዩቲዩቡ ይወጡ የነበሩትን ክሊፖች አስታውሱ። የየትኛው ወገን ይሁን፣ ምስሉ ይመሳሰላል። ባንዲራ፣ ፀሐይ፣ አረንጓዴ ተራራ፣ በሰልፍ የሚራመድ ጫማ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ ዘፋኝ። ብሩህ ናቸው። ሁሉም ሰው ቆሟል። አልጋ የለም።

ፉከራና ቀረርቶን አልንቅም፤ የራሳቸው ክብርና ጥበብ አላቸው። ግን ፉከራ የሚናገረው ለቆመው ሰው ነው፤ ስለ ወደቀው የሚናገረው ሙሾ ነው። ያኔ ክሊፖቻችን ፉከራውን ወስደው ሙሾውን ተዉት። ከዚያ የሰፈራችን አንድ ልጅ ተመለሰ። ሰዉ ሁሉ እየገባ «እንኳን በሕይወት መጣህ» ይለዋል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል፣ ይወጣል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ማንም አልጠየቀውም። የምንጠይቅበት ምስል አልነበረንማ፤ ያየነው ሁሉ የሚራመድ ጫማ ነው።

እዚህ ላይ ነው እህቴ የማትስማማበት ነገር የምለው። ብርሃንም ይዋሻል። የሚያብረቀርቅ ክሊፕ ሰው ሊደብቅ ይችላል፤ የጨለመ ክሊፕ ሰው ሊያወጣ ይችላል። ሁሉም የጨለመ ክሊፕ እውነት ይናገራል ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው ጭንብል ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ ርካሽ ጭንብል። ለዚህ ነው የጨለማውን መጠን መለካት የማይጠቅመው። ውስጡ ሰው አለ ወይ? ካለ እኛን የሚያስቀምጠን ከእሱ ጋር ነው ወይስ ከሐኪሞቹ ጋር? ቀጣዩን ክሊፕ ስትከፍቱ ይሄንን ጠይቁ።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር እህቴን እንደገና ለመንኳት። በስልክ ሳይሆን ሳሎን፣ በቴሌቪዥን። ድምፁን ትንሽ ቀንስ አለችኝ፣ ቀነስኩ። ሁለት ጊዜ ፊቷን አዞረች። እስከ መጨረሻው ግን ተቀመጠች። ካለቀ በኋላ ሙዚቃው አሁንም እንደማይጥማት ነገረችኝ። ከዚያ ዝም ብላ ቆይታ፣ «በጭንቅላቱ የሚለው ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኳት።